ኮፈን ከአክንባሎ

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቮልስ ነው። ገራዶ፣ ከአንዳችን ቤተሰብ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመች፣ ማታ ማታ ዶሮ የሚያድርባት ቮልስ። ሞተሯ ሲለመን ይነሳል። ጎማዎቿም ቢያረጁ አሉ። የሌላት የፊቷ ክዳን ነው። (ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊቱን "ኮፈን" ማለት ይቻላል አይቻልም የሚለው ክርክር ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ኮፈን ብለነው አልፈናል፤ እናንተም እለፉልን።) ክዳኑ ዛገ፣ በስቱኮ ተደፈነ፣ ከስቱኮው ሥር እንደገና ዛገ፣ እንደገና ተደፈነ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ሲከፈት ማጠፊያው ጋ ተቀንጥሶ እጃችን ላይ ቀረ።

ደሴ ወጥተን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ቦታዎች አዳረስን። የለም። አዲስ አበባ ደወልን። አለ፤ ዋጋው ግን ቮልሷን ራሷን ያሳፍራል። ያኔ ነው ከመካከላችን አንዱ "ለምን በፋይበር አንሠራውም?" ያለው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ፈረንጅ ጓሮው ውስጥ ሆኖ፣ እየዘፈነ፣ ሙሉ መኪና ሲያለብስ አይቷል። እኛ አንድ ኮፈን ያቅተናል?

ያቅተን እንደሆነ ኋላ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ይህችን ጽሑፍ የወለደውን ነገር እናንሳ። ምክር ፍለጋ የሄድነው ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ሁሉም ሰው "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ሐሳባችንን ተናግረን እስክንጨርስ ዝም ብለው አዳመጡንና "ልጆቼ፣ እኔ ባቲላሜራ ነኝ። እናንተ የምትሉት የአክንባሎ ሥራ ነው፤ እናቶቻችሁን ጠይቁ" አሉን። ስቀን ወጣን። መንገድ ላይ ስናስበው ግን ሰውየው አልቀለዱም።

ባቲላሜራ የጣሊያን ቃል ነው፤ ላሜራ መቺ ማለት። (ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ካለችው ባቲ ከተማ ጋር አይዛመድም። ከመካከላችን አንዱ እስከ ዘንድሮ ድረስ "የባቲ ላሜራ" የሚባል የብረት ዓይነት ያለ ይመስለው ነበር። ማን እንደሆነ አንናገርም።) ጋራዥ ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው ጣሊያን አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ሄደ ቢሉት አያምንም። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ፓራውልቱ፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ባሌስትራው፣ ስፖንዳው፣ ክሪኩ… ቀዳዳ የምንደፍንበት ስቱኮ ሳይቀር ከዚያው ነው የመጣው። ሰዎቹ ሲሄዱ መዝገበ ቃላታቸውን ረስተው ሄደዋል።

መኪና እንኳ አገራችን የገባው ከዚያ በፊት ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው፤ "ዓ.ም." ካልን ግን የኛ ነው።) እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ "ሲድሌይ" የተባለች መኪናውን ከጅቡቲ ተነስቶ እየነዳም እያስጎተተም ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሳት 1907 አልቆ 1908 በሚገባበት ሰሞን ነበር። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም "ናኬ" መኪናውን ይዞ በዚያው ሰሞን መጣ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለሁለቱ አገር ሰዎች ይቆይ፤ እኛ የምንፈልገው ወሎን ነው።

ወሎ ደግሞ መኪናን በብዛት ያየችው በአንድና በሁለት፣ በእልልታ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው በነበረበት ጊዜ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ ከተማዋ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበች። በኤፕሪል 1936 አጋማሽ ጣሊያን ደሴ ገባ። በዚያው ወር መጨረሻ ባዶሊዮ 1,700 ያህል ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። ፊያት አለ፣ ላንቻ አለ፣ ከአሜሪካ የተገዛ ፎርድና ሸቭሮሌ አለ፤ ያገኘውን ሁሉ ነው የሰበሰበው። ፋሺስቶቹ ጉዞውን "የብረት ፈቃድ ጉዞ" ብለው ሰየሙት። ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው፤ ብረቱ ቆሞ ሰው በአካፋና በትከሻ ሲሠራ ዋለ፣ አደረ። አዲስ አበባ የገቡት ሜይ 5 ነው። ያ ጣርማ በር ነው ኋላ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ የተቦረቦረበት፤ ከደሴ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሁሉ ውስጡ ገብቶ ትንፋሹን ሰብስቦ ያውቃል።

ከመንገዱ ጋር ጭነት መኪናው መጣ፤ ከጭነት መኪናው ጋር ብልሽቱ። ፊያት 634 "ትሬንታ ኳትሮ" ተባለና ስሙ በአገሬው አፍ ቀረ። ከነጻነት በኋላም ብዙ ጣሊያናዊ መካኒክ አልሄደም፤ ጋራዥ ከፈተ፣ ልጅ ቀጠረ፣ እየጮኸ አስተማረ። ቀጥሎ "ኤንትሬ" የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 መጣ፤ ከአሰብ ወደብ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ የእሱ ቤት ሆነ። በ1970 አምቼ ተቋቁሞ የፊያት ጭነት መኪኖችን አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚገባው ሻንሲው፣ ሞተሩና ጋቢናው ነው። ከኋላ ያለውን አካል የምንሠራው እኛው ነን፤ የጭነቱን ሳጥን ከእንጨትና ከብረት፣ የአውቶቡሱን ግድግዳ ከላሜራ፣ የ"ውይይት" ታክሲዋን ጣሪያና ፊት ለፊት የሚያፋጥጡ አግዳሚ ወንበሮች ከቱቦ ብረት። ስለዚህ "ኢትዮጵያ ውስጥ የመኪና አካል ተሠርቶ አያውቅም" የሚል ሰው ውይይት ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። የተሠራው ሁሉ ግን ከብረት ነው። ብረት ከብዶ፣ ብረት ዝጎ፣ ብረት በስቱኮ ተለስኖ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ግን 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ናት። ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስት አሮጌ መኪና ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ፣ እያንዳንዷ ትርፍ ኪሎ በነዳጅ እንደምትከፈል ማንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ አክንባሎው።

አክንባሎ ምንድን ነው? ሣር ተሰፍቶ ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ በእበትና በጭቃ ይለቀለቃል፤ ይደርቃል። ሣሩ ብቻውን ቢሆን ይታጠፋል። ጭቃው ብቻውን ቢሆን ይፈረፈራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ለዓመታት እሳት ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ጉልላት ይሆናሉ። ጎተራም እንዲሁ ነው። የጭቃ ቤት ጭድም እንዲሁ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሥዕሉን ሸማ ላይ ሥለው ሸማውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲለጥፉም ከዚህ አልራቁም። ፈረንጅ ይህንኑ ነገር "ኮምፖዚት" ይለዋል፤ አንድ የሚጎተት ጭረት፣ አንድ የሚያጣብቅ ጭቃ። ጭረቱ ብርጭቆ ሲሆንና ጭቃው ከነዳጅ የተሠራ ሬዚን ሲሆን "ፋይበር ግላስ" ተባለ፤ እኛ አሳጥረን "ፋይበር" አልነው።

ጋሼን የበለጠ ያስቀየማቸው ሌላ ነገር ነው፤ እኛም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ስቱኮ የሚሉት ነገር፣ ያ ከቆርቆሮ ጣሳ ወጥቶ ከትንሽዬ ቱቦ ማጠንከሪያ ጋር የሚለወሰው ሊጥ፣ ራሱ ፖሊስተር ሬዚን ነው፤ ውስጡ ታልክ የሚባል ዱቄት ተጨምሮበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ተፈጥሮ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ። ማለትም ጋራዦቻችን የኮምፖዚቱን ግማሽ በእጃቸው ይዘው ሲያቦኩ ኖረዋል። የጎደለው ጭዱ ነው። ጭድ የሌለው ጭቃ! ለዚህም ነው ስቱኮ በወፍራሙ ሲለጠፍ የሚሰነጠቀውና ቁራሽ ቁራሽ ሆኖ የሚወድቀው። ይህንን ለጋሼ ስንነግራቸው "እህ፣ እና እስከ ዛሬ አክንባሎ ስለቀልቅ ነው የኖርኩት?" ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

በዓለም ታሪክ ይህ ሥራ የተጀመረው የት እንደሆነ ስናነብ የገረመን፣ ብዙ ጊዜ ከቅንጦት ሳይሆን ከችግር መምጣቱ ነው። ሄንሪ ፎርድ በኦገስት 1941 ዲርቦርን ከተማ ላይ አንድ መኪና ለሕዝብ አሳየ። አጽሙ የብረት ቱቦ፣ ልብሱ 14 የፕላስቲክ ገበታ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ አኩሪ አተር አለበት የተባለለት። ክብደቷ ከመደበኛው የብረት መኪና በ450 ኪሎ ያህል ያንስ ነበር። ፎርድ ገበሬ ወዳድ ነበር፤ ደግሞም ብረት በጦርነቱ ምክንያት ሊጠፋ ነበር። ያቺ መኪና ግን አንድ ብቻ ሆና ቀረች። አሠራሯን በትክክል የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም፤ ሞያ ያልተጻፈ እንደሆነ እንዲህ ነው።

ብርጭቆን እንደ ክር መዘዝ አድርጎ በብዛት ማምረት የተቻለው በ1930ዎቹ ነው። "ኦውንስ ኮርኒንግ" የሚባለው ኩባንያ በ1938 ለዚሁ ተቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀልባ ሠሪዎች በዚህ ነገር የመኪና አካል መሥራት ያዙ። ነገሩ ጄኔራል ሞተርስ ዘንድ ደረሰና በ1953 የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬቶች ወጡ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም በእጅ የተለጠፉ። ትልቁ ኩባንያም ብሩሽ ይዞ ነው የጀመረው ማለት ነው። ይህን ስናነብ ልባችን ሞላ።

ለእኛ ቮልስ ግን የሚቀርበው ዘመድ ብሩስ ሜየርስ የሚባል ሰው ነው። እሱም ጀልባ ሠሪ ነው። በ1964 የቮልስን ሞተርና የእግር ዕቃዎች ወስዶ በቤቱ የሠራው የፋይበር ቅርፊት ላይ ገጠመና "ሜየርስ ማንክስ" አለው። በ1967 በሜክሲኮ የባሃ በረሃን ከ35 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አቋርጦ የሞተር ሳይክሎችን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ ወዲያ ዓለም ገለበጠው። እሱ የሸጠው ስድስት ሺህ ያህል ቢሆን፣ እየቀዱ የሸጡት ሌሎች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ፍርድ ቤት ሄዶም አልተሳካለትም። ፋይበር እንዲህ ነው፤ ቅርጹን በሰም ቀብተህ ከላዩ ብትለጥፍ የሰውን ላብ በአንድ ሌሊት ትገለብጣለህ። ይህን የምንለው የሰው ኮፈን ልንገለብጥ ተዘጋጅተን መሆኑን ሳንክድ ነው።

ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን ግን ትራባንት ነው።

ምሥራቅ ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ ለመኪና የሚሆን ስስ ብረት አጣች። የምዕራቡ ማዕቀብ አለ፤ የራሷ ብረት ደግሞ በቂም ጥሩም አልነበረም። መሐንዲሶቿ ምን አደረጉ? ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣ የጥጥ ብጣሪ ወሰዱ፣ ከአገራቸው የድንጋይ ከሰል በሚወጣ ፌኖል ሬዚን አቦኩት፣ በጋለ መጫኛ ጨፈለቁት፤ ዱሮፕላስት ብለው የመኪና ልብስ አደረጉት። አጽሙ ብረት፣ ቆዳው ጥጥ። ከ1957 እስከ 1991 ከሦስት ሚሊዮን በላይ ትራባንት ወጣ። ክብደቷ 600 ኪሎ ያህል። ቆዳዋ አይዝግም። ዓለም ሳቀባት፤ ባለቤቶቿ ግን እሷን ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ተሰልፈዋል። አንዱ ምክንያት መጫኛው ነው፤ ብረት በሰከንድ ይታተማል፣ ይህ ግን እንደ ዳቦ ደቂቃዎችን ይፈልጋል።

ምሥራቅ ጀርመን ለእኛ ሩቅ አገር አልነበረችም። በ1977 መሣሪያ ሰጥታን ቡና ለመውሰድ ከደርግ ጋር ተዋውላለች፤ በዚያን ጊዜ የቡና እጥረት በርሊንን አንገብግቧት ነበር። "ኢፋ" የምንለው የጭነት መኪናዋ በጦሩም በእርዳታውም መንገድ ታይቷል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎ ሰው ሲረግፍባት እህል ተሸክመው ከተመላለሱት መካከል ኢፋዎች ነበሩበት። እነሱ ጋቢናቸው ብረት ነው። የጥጥ መኪናውን ለራሷ ሰው አስቀርታ የብረቱን ለእኛ ላከች ማለት ነው፤ ቅሬታ የለንም።

ክርክሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። ጥጥ የሚፈትል ፋብሪካ ሁሉ ደግሞ ለክር የማይሆን ብጣሪ ይወጣዋል። ቃጫ በየአጥሩ አለ። ደቡብ ብንሄድ የእንሰት ጭረት አለ። ብረት ላሜራ ግን ጥቅልሉ በሙሉ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ታዲያ ምሥራቅ ጀርመኖች ያደረጉትን እኛ ለምን አላደረግነውም? ግማሾቻችን "ያሰበ ሰው ስለሌለ" አልን። ሌሎቻችን አልተስማማንም፤ ጽሑፉን የሚጽፈውም እጅ ከእነሱ ጋር ነው። ጭዱ አለን፤ ጭቃው ነው የሌለን። ሬዚን ከነዳጅ ወይም ከከሰል የሚወጣ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ልጅ ነው። እኛ በ1967 በሶቪየት እርዳታ የተሠራ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ አሰብ ላይ ነበረን፤ እሱም ናፍታና ቤንዚን እንጂ ሬዚን አላወጣም። ኤርትራ በ1993 ስትለይ ከእሷ ጋር ሄደ፤ በ1997 ደግሞ ጭራሽ ተዘጋ። ስለዚህ ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ "አገር በቀል ፋይበር" የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ ጣሳው ከውጭ ነው የሚገባው። ክብደቱ ይቀላል፤ የዶላሩ ሸክም ግን አይቀልም። ይህን ሳይሉ "ከቃጫ መኪና እንሠራለን" ማለት ግማሽ እውነት ነው።

ግማሹ እውነት ግን እውነት ነው። መርሴዲስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የበሮቹን የውስጥ ሽፋን ከተክል ጭረት ሠርቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ ተቋሞቻችን በቃጫና በእንሰት ጭረት ላይ ምርምር ይደረጋል፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ጨርቃ ጨርቅንና መካኒካልን በአንድ ግቢ ያስተምራል። ምርምሩ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ከጋሼ ጋራዥ የሚያገናኘው ሰው ነው የጠፋው። ከኢንስቲትዩቱ እስከ እሳቸው መዶሻ ድረስ ሚኒባስ አንድ ሰዓት አትፈጅም።

አሁን ያፈርንበትን እንናገር።

ሬዚኑን፣ የብርጭቆ ምንጣፉንና ማጠንከሪያውን ከአዲስ አበባ አስመጣን። የተሰበረውን ኮፈን በስቱኮ ጠጋግነን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ የወለል ሰም ደጋግመን ቀባን። እስከዚህ ትክክል ነው። ስህተቱ ቀጥሎ ነው፤ ቸኮልንና ምንጣፉን በቀጥታ የብረቱ ጀርባ ላይ ለጠፍነው። ሲላቀቅ የወጣው ነገር የኮፈኑን ቅርጽ የያዘው በውስጡ በኩል ነው፤ ውጭው የገብስ ማሳ ይመስላል፣ ልኩም በውፍረቱ ያህል ሰፍቷል። ውጭውን ለማስተካከል ስቱኮ ለሰንን። እንደገና ለሰንን። ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ስናወጣው ከብረቱ ይከብዳል! ቀላል ኮፈን ልንሠራ ተነስተን ሁለተኛ ሐረጎ ሠራን።

ሒሳቡን ቀድመን ብናውቀው ኖሮ… 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 6.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ካሬ ሜትሩ 450 ግራም የሆነ የብርጭቆ ምንጣፍ በአግባቡ ቢጠጣ ከእጥፍ በላይ ሬዚን ይይዝና አንዱ ድርብ 1.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሁለት ድርብ 3 ኪሎ፤ ከላይ ያለው የፊት ቅብ ሲጨመር 3.5 አካባቢ። ይኸው ግማሽ ወረደ ማለት ነው። ሦስት ድርብ ካደረጋችሁት 5 ኪሎ ደረሳችሁ፤ አራት ካላችሁ ብረቱ ይሻላችኋል። ቀላልነቱ ያለው ዕቃው ውስጥ አይደለም፤ ሬዚን ባለማትረፍረፍ ውስጥ ነው። እጅ የለመደው ደግሞ ጭቃ ማብዛት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ደንብ አከበርን። መጀመሪያ ከኮፈኑ ላይ ጎድጓዳ ፎርማ አወጣን፤ ከዚያ ፎርማው ውስጥ ሰም፣ የፊት ቅብ፣ ሁለት ድርብ ምንጣፍ፣ ጠርዙና ማጠፊያው ጋ ብቻ ተጨማሪ። ነገር ግን ወሩ ነሐሴ ነበር። ፖሊስተር ብርድ አይወድም፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን እንደ ማር ተጣብቆ ይቀራል። ደሴና አካባቢዋ ደግሞ በነሐሴ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። አንዳችን "ማጠንከሪያ እንጨምርበት" አለ። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ እሱ በዓይኑ ለክቶ ጨመረ። ጣሳው በእጁ ላይ ጋለ፣ ጨሰ፣ ተሰነጠቀ። ወርውሮት ዳነ። ቤቱ ግን የሣር ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ከዚያው ማጠንከሪያ አንዲት ጠብታ ከመካከላችን የአንዱ ቅንድብ ላይ አረፈች። ዓይን ውስጥ ብትገባ ዓይን ታጠፋለች፤ ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ውሃ ነበር፣ በባልዲ አጠብነው፤ ለግማሽ ሰዓት እየጮኸ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ሳያደርግ ጣሳ የሚከፍት የለም። ሽታውም ቀላል አይደለም፤ ከሬዚኑ የሚተነው ስታይሪን ራስ ያዞራል፣ የብርጭቆው ብናኝም በመፈግፈግ ጊዜ ሳንባ ይገባል። በተዘጋ ቤት፣ ሕፃናት ባሉበት ግቢ፣ ጭንብል ሳይኖር አትሞክሩት። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ጓሮው ክፍት ነበር፤ እኛ ያየነው ዘፈኑን ነው።

ደግሞ ይህን ነገር ለኮፈን፣ ለፓራፋንጎ፣ ለበር ልብስ እንጂ ለሚሸከም አካል አታስቡት። የማክላሬን መሐንዲሶች በ1981 የእሽቅድምድም መኪናቸውን ሙሉ አጽም ከካርቦን ፋይበር ሲሠሩ፣ ቢኤምደብሊው በ2013 "አይ 3"ን በካርቦን አካል ወደ መንገድ ሲያወጣ፣ ከኋላቸው ላቦራቶሪ ነበር። ከኋላችን ያለው የዶሮ ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ቮልስ ብቻ ቢሆን አናደክማችሁም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በብዙ እጥፍ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ያለው አሮጌ መኪና ስለዚህ እዚሁ ነው የሚያረጀው፤ ልብሱም እዚሁ ነው የሚሰፋው። አዲስ የሚገባው በባትሪ የሚሄድ ነው፤ ለእሱ ደግሞ አንድ ኪሎ መቀነስ ማለት ሐረጎን ወጥቶ የሚተርፍ ኃይል ማለት ነው። የጋሼ ሙያ ሊያበቃ ነው ሲባል ይኸው እንደገና ይፈለጋል፤ ግን በመዶሻ ብቻ አይደለም።

ጋሼም ቢሆኑ መዶሻቸው ሙሉ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ጋራዡ ባዶ ቀርቶ ነበር። ሲመለሱ ለአርባ ዓመት ያከማቿቸው መዶሻዎችና የብረት ድጋፎች አልነበሩም። ከእጃቸው ቅርጽ ጋር የተለማመደ መዶሻ የሚገዛበት ሱቅ የለም። "ወጣት ብሆን እኔም ጣሳችሁን እይዝ ነበር" ያሉን ያኔ ነው፤ እንጂማ ስለ ፋይበር ደግ ቃል ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም።

ሦስተኛዋ ኮፈን ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ወጣች። በዚያው የሽንኩርት ሚዛን ላይ ከብረቱ ግማሽ ትንሽ ከፍ ብላ ተገኘች። የግቢው እናት አይተው "ለእኔም አንድ አክንባሎ በዚህ ሥሩልኝ" አሉን፤ እሳት ላይ እንደማይሆን ለማስረዳት ብዙ ለፋን፤ "እና ምኑ ነው የተሻለው?" ብለው ወደ ምጣዳቸው ሄዱ።

ቮልሷን ከገራዶ ደሴ አወጣናትና ጋሼ በር ላይ አቆምናት። ወጥተው በጣታቸው አንኳኩ። ላሜራ መቺ በጆሮው ነው የሚያየው። "ድምፅ የላትም" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የውስጡን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ማጠፊያው አጠገብ አቆሙ። "እዚህ ጋ አየር ይዛለች። ክረምት ሲመጣ ትሰነጠቃለች።" ልክ ናቸው፤ ሮለሩን በደንብ ያላስኬድንበት ቦታ ነው፤ እኛም እናውቀው ነበር፣ ቀለም ቀብተን ደብቀነው ነበር።

ከዚያ ቁልፍ አመጡና የላላውን ብሎን ራሳቸው አጠበቁት።